የሚታከመው ሰው ነው ወይስ ፊልሙ?

«ዲስክህ ተንሸራቷል።»

ወገቡን ያመመው የከተማ ሰው ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ እንደዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ኑሮውን የሚለውጥበት የለም። ይህን የተባለ ሾፌር መሪውን ይለቃል። ይህን የተባለች እናት ልጇን ማቀፍ ትፈራለች። ቤተ ክርስቲያን የሚሰግደው ስግደቱን ይተዋል፤ መስጊድ የሚሰግደው ወንበር ይፈልጋል። በጥቂት ሳምንታት ሊለቅ ይችል የነበረ ሕመም፣ ስም ስለወጣለት ብቻ፣ የዕድሜ ልክ እስራት ይሆናል።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ ከተሞች የወገብ ሕክምና ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጨረሻ ላይ፣ ለጥቂቶች ብቻ መታዘዝ የነበረበት ኤምአርአይ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ይታዘዛል። መጀመሪያ መምጣት የነበረበት ደግሞ፣ ማለትም ታካሚውን በደንብ መጠየቅ፣ በእጅ መመርመር፣ ማስረዳትና እንዲንቀሳቀስ ማገዝ፣ ከናካቴው እየጠፋ ነው። በዚህ የሚጎዱት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው የማያሰጋ ሕመም ይዞ ገንዘቡንና ድፍረቱን የሚያጣው ብዙኃኑ ነው። ሁለተኛው እውነተኛ አደጋ ይዞ ሳይታወቅለት ሽባ የሚሆነው ጥቂቱ ነው።

■ የታወቀው መንገድ

ወገብ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። ቀጥሎ ኩላሊት ይመጣል። «ኩላሊቴን አመመኝ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ እጃቸውን የሚያሳርፉት ኩላሊት ካለበት ዝቅ ብሎ፣ ቀበቶ ከሚታሰርበት ላይ ነው። ጎረቤት ቅባት ያመጣል፤ ዘመድ ጎበዝ ወጌሻ ይጠቁማል። ካልተሻለ መርፌ ይወጋል። መርፌው ካላስታገሰ ክሊኒክ ይኬዳል።

ክሊኒክ ውስጥ የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ታካሚው ልብሱን ሳያወልቅ፣ ተኝቶ እግሩ ሳይነሳ፣ ጉልበቱ በመዶሻ ሳይነካ፣ የጣቶቹ ጉልበት ሳይፈተን፣ «ኤምአርአይ ተነስተህ ና» ይባላል። ዋጋው የብዙ ደመወዝተኛን ወር የሚያናጋ ነው። ዕቁብ ይለመናል፣ ብድር ይጠየቃል፣ ከክልል የመጣው ደግሞ የመኝታና የትራንስፖርት ወጪ ይጨምርበታል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በትልቅ ፖስታ ይወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ከሐኪም ወደ ሐኪም የሚዞረው ወገቡን ይዞ ሳይሆን ፖስታውን ይዞ ነው። ፊልሙ መብራት ላይ ይሰቀላል፣ ወረቀቱ ይነበባል፣ ሰውየው ግን እንደገና አይዳሰስም።

ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፦ የወገብ ቀበቶ፣ «መሬት ላይ ተኛ»፣ «ከእንግዲህ ዕቃ እንዳታነሳ»፣ ተከታታይ መርፌ፣ አንዳንዴም «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» ወይም «ከቻልክ ውጭ ሂድ»። ሕንድና ታይላንድ ለመታከም ቤት የሚሸጠውና በማኅበራዊ ሚዲያ እርዳታ የሚለምነው ሰው መካከል የወገብ ታካሚ አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ጉዞው የተጀመረው መጨረሻ መደረግ ካለበት ነገር ስለሆነ መመለሻው ውድ ነው።

■ ዲስክ አይንሸራተትም

የችግሩ ግማሽ ቃሉ ውስጥ ነው። የታችኛው ወገብ አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አሉት። በየአጥንቱ መካከል ያለው ዲስክ ዙሪያው በጠንካራ ቃጫ መሰል ንጣፍ የተሸፈነ፣ መሃሉ ዝልግልግ የሆነ ትራስ ነው። ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር አጥብቆ ተያይዟል። እንደ ረጠበ ሳሙና ሙልጭ ብሎ ከቦታው የሚወጣ ነገር አይደለም። ሊሆን የሚችለው ሌላ ነው፤ ዲስኩ ከዕድሜ ጋር ውሃው ይቀንሳል፣ ዙሪያው ትንሽ ያብጣል፣ አንዳንዴም ቃጫው ተሰንጥቆ ከመሃሉ ዝልግልግ ጥቂቱ ወደ ውጭ ይወጣል።

የወጣው ክፍል አጠገቡ ያለውን ነርቭ ሲጫን ወይም ሲያስቆጣ፣ ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል እስከ ባትና እግር ጣት የሚወርድ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ይመጣል። ይህ እውነተኛና ከባድ ሕመም ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ለታካሚው የማይነገረው ሁለተኛው ግማሽ አለ። ሰውነት የወጣውን ክፍል ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከወራት በኋላ በድጋሚ ሲታይ ያነሰ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የጠፋ ዲስክ ማግኘት ለሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም በጣም የወጣው ከትንሹ እብጠት ይልቅ ተመጦ የመጥፋት ዕድሉ ይበልጣል። «ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ግን ይህን ከየት ይገምተው? የተንሸራተተ ነገር አንድ ሰው ገፍቶ ካልመለሰው በስተቀር ወደ ቦታው አይመለስም። ቃሉ ራሱ ቀዶ ሕክምና ያዛል።

የዲስክ ዝና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች የተቀደደ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ የእግር ሕመም እንደሚያመጣ፣ በቀዶ ሕክምናም ሊወገድ እንደሚችል አሳዩ። ግኝታቸው ትክክል ነበር። ስህተቱ የመጣው በኋላ ነው፤ የጥቂቶች የእግር ሕመም ምክንያት የሆነው ነገር የሁሉም ወገብ ሕመም ምክንያት ተደርጎ ተወሰደ። እውነታው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ከሚታዩት 100 የወገብ ሕመምተኞች ወደ 90 የሚጠጉት ሕመማቸው በአንድ በተለየ የአጥንት፣ የዲስክ ወይም የነርቭ ጉዳት ሊመካኝ እንደማይችል በሕክምናው ዓለም ተቀባይነት ያለው ግምት ነው። የሚያመው ጡንቻ፣ ጅማት፣ መገጣጠሚያ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ተደማምረው ነው። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል።

■ ጤነኞች ፊልም ሲነሱ

«ታዲያ ፊልሙ ላይ የታየው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ከ30 ዓመት በፊት ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸውን 98 ሰዎች ኤምአርአይ አስነሳ። ከመካከላቸው 52 በመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው፤ 27 በመቶው ደግሞ ወደ ውጭ የገፋ። ሁሉም ዲስኮቻቸው ምንም እንከን ያልተገኘባቸው 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሲሄዱ፣ ሲሠሩ፣ ሲያነሱ የሚውሉ ጤነኞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 33 ጥናቶች በአንድ ላይ ተገመገሙ፤ ወገባቸውን የማያማቸው 3,110 ሰዎች ፊልም ማለት ነው። በ20 ዓመታቸው ካሉት 37 በመቶው፣ በ50 ዓመታቸው ካሉት 80 በመቶው፣ በ80 ዓመታቸው ካሉት 96 በመቶው የዲስክ መድረቅ ወይም ማርጀት ታይቶባቸዋል። የ50 ዓመት ጤነኞች ፊልም ሲታይ 60 በመቶው ያበጠ ዲስክ አለው። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ፊልም ላይ «ያረጀ ዲስክ» ማግኘት ራሱ ላይ ሽበት ከማግኘት በምን ይለያል? ራሱን ያመመውን ሰው «ሽበት አለብህ፣ ሕመምህ ከሱ ነው» የሚል ሐኪም ቢገኝ ይሳቅበት ነበር። ወገብ ላይ ሲሆን ግን ይከፈልበታል።

ፊልሙን የሚያነበው ሰውም ከማሽኑ ያልተናነሰ ልዩነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ወገቧንና እግሯን የሚያማት አንዲት የ63 ዓመት ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ በ10 የተለያዩ ማዕከላት ኤምአርአይ ተነሳች። አሥሩ ሪፖርቶች በድምሩ 49 የተለያዩ ችግሮች አገኙ። በአሥሩም ላይ በአንድነት የተጻፈ ችግር ግን አንድም አልነበረም። ከ49ኙ 16ቱ በአንድ ማዕከል ብቻ የታዩ ናቸው። ያቺው ሴት፣ ያው ወገብ፣ አሥር ዓይነት ወረቀት። አንዱን ወረቀት ይዞ ቤት የሚሸጥ ሰው ይህን የማወቅ መብት አለው።

■ የሚሸጠውና የማይሸጠው

ሕክምናውስ? እዚህም ላይ የሚታዘዘውና የሚሠራው ተለያይተዋል።

መጀመሪያ መተኛት። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት 203 ሕመምተኞችን በሁለት ከፍሎ ግማሹን ሁለት ቀን፣ ግማሹን ሰባት ቀን እንዲተኙ አዘዘ። ሁለት ቀን የታዘዘላቸው ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ በሌላው ነገር ሁሉ ሰባት ቀን የተኙት ምንም አልተጠቀሙም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ጭራሽ ሳይተኙ ሕመማቸው በፈቀደው መጠን የዘወትር ኑሯቸውን የቀጠሉት ቀድመው እንደዳኑ አሳየ። ይህ ከተነገረ 30 ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን «አንድ ወር ሳትነሳ ተኛ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ የሕመም ፈቃድ ነው። ለቀን ሠራተኛ ግን ተራብ ማለት ነው፤ ያውም ጡንቻው ሟሙቶ፣ ወገቡ ደርቆ፣ ሲነሳ ይበልጥ እያመመው።

ቀጥሎ ቀበቶ። የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም የመጀመሪያውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አወጣ። መመሪያው እንዳይሰጡ ከሚላቸው መካከል የወገብ ቀበቶና መደገፊያ፣ ወገብን በመሣሪያ መጎተት፣ እንዲሁም እንደ ሞርፊን ያሉት የኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ይገኙበታል። የሚደግፋቸው ደግሞ ታካሚውን ማስተማር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ እንደ መታሸት ያሉ አንዳንድ የእጅ ሕክምናዎች፣ የሥነ ልቦና እገዛ፣ እንዲሁም እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። በያዝነው ገበያ ግን ቀበቶው በየፋርማሲው መስኮት ተሰቅሏል፤ ማስተማር የሚባለው የትም አይሸጥም።

ሦስተኛ መርፌና ክኒን። ዳይክሎፌናክ ለጥቂት ቀናት፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለሚስማማው ሰው ቢሰጥ ነውር የለውም። በየሳምንቱ እየተወጉ መኖር ግን ሌላ ነው። ጨጓራ ያቆስላል፣ ያደማል፣ የደም ግፊት ያባብሳል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። «ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ መርፌ የጀመረው ሰው ኩላሊቱ ጤነኛ ነበር፤ የሚያሳምመው መርፌው ነው። አብሮት የሚወጋው ዴክሳሜታሶን ደግሞ ስኳር ይጨምራል፣ ሲደጋገም አጥንት ያሳሳል፣ ውስጥ ውስጡን ያለ ኢንፌክሽን ቢኖር ምልክቱን ይሸፍናል። ትራማዶል ሱስ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አዲስ የወገብ ወይም የአንገት ሕመም የያዛቸውን 347 ሰዎች ተከታትሎ፣ ጠንካራ የኦፒዮይድ ክኒን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻለ እንዳልዳኑ አረጋግጧል።

ታዲያ ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው በአውስትራሊያ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎች ተጠኑ። ግማሾቹ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን እስከ 30 ደቂቃ የእግር ጉዞ ወደ ማድረግ ደረሱ። ሕመሙ እንደገና እስኪመለስባቸው በመካከለኛ ግምት 208 ቀን ቆየ፤ ምንም ባልተደረገላቸው ላይ 112 ቀን። ሕመም አልባውን ጊዜ እጥፍ ሊያደርስ የተቃረበው ነገር በእግር መሄድ ነው። ለዚህ ማሽን አይገዛም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም፣ ኮሚሽን አይከፈልም። ምናልባት ማንም የማይሸጠው ለዚህ ነው።

■ ቀዶ ሕክምና ጠላት አይደለም

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ጠርዝ መውደቅም ስህተት ነው። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። እግራቸው ጉልበት እያጣ የሚሄድ፣ ወይም እግር ድረስ የሚወርደው የነርቭ ሕመም ሳምንታት አልፎት አልለቅ ያላቸው፣ ፊልማቸውም ከሕመማቸው ጋር የሚገጥም ሰዎች በጎበዝ ቀዶ ሐኪም እጅ እፎይ ይላሉ።

ግን እዚህም ማስረጃው ለመቸኮል ምክንያት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ከ6 እስከ 12 ሳምንት የእግር ነርቭ ሕመም የቆየባቸውን 283 ሰዎች ለሁለት መደበ፤ ግማሹ ቶሎ እንዲቀደድ፣ ግማሹ እየታከመ እንዲጠብቅ። ቶሎ የተቀደዱት ቶሎ ተሻላቸው። ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ቡድን 95 በመቶው አገግሞ ነበር። እንዲጠብቁ ከተደረጉት ውስጥ ኋላ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 39 በመቶ ናቸው፤ የቀሩት ያለ ቢላዋ ዳኑ። ስለዚህ ምርጫው በመዳንና ባለመዳን መካከል ሳይሆን በመፍጠንና በመታገሥ መካከል ነው። ይህ ምርጫ የታካሚው ነው። እንዲመርጥ ግን መጀመሪያ ምርጫ እንዳለው ይነገረው። «ካልተቀደድክ ሽባ ትሆናለህ» ተብሎ የተፈራ ሰው የፈረመው ወረቀት ፈቃድ አይባልም።

■ ሳይታዩ የሚያልፉት

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ያለው በሌላኛው ወገን ነው። ሁሉም «ዲስክ» በሚባልበት አገር እውነተኛው አደጋ በዚያው ስም ይሸፈናል።

ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይዝም፤ አከርካሪንም ይበላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጻፈበት ይህ በሽታ ዛሬም አለ። ሕመሙ ቀስ እያለ በሳምንታትና በወራት ይጨምራል፤ ማታ ይብሳል፤ ትኩሳትና ላብ አለው፤ ሰውየው ይከሳል፤ ሲዘገይ ጀርባ ይጎብጣል፣ እግር ይዝላል። ቀድሞ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚድን ነው፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ይህን ሰው በዴክሳሜታሶን እያባበሉ ወራት ማሳለፍ፣ ወይም የተበላ አከርካሪውን ለወጌሻ ጉተታ አሳልፎ መስጠት፣ በነፃ ከሚድን በሽታ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር መግፋት ነው።

ያልተፈላ ወተት በሚጠጣባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች ብሩሴሎሲስ የተባለው የከብት በሽታም ወገብ ይይዛል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ውሃው ራሱ ጥፋተኛ የሆነበት ጊዜ አለ። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እየደረቀ መጉበጣቸውና አንዳንዶቹም ሽባ መሆናቸው በጥናት የተመዘገበ ነው። ለእነዚያ ሰዎች መድኃኒቱ ንጹሕ ውሃ ነበር እንጂ ቀበቶ አልነበረም።

ሁሉም ሰው በቃሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦

— ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አለመቻል፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ የሁለቱም እግር መዛል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።
— ትኩሳት፣ የማታ ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ተኝተውም የማይለቅ የሌሊት ሕመም።
— ካንሰር የነበረበት ወይም ያለበት ሰው አዲስ የወገብ ሕመም።
— ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፤ በአረጋዊ ወይም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ በወሰደ ሰው ላይ ቀላል መውደቅም ቢሆን።
— እየባሰ የሚሄድ የእግር መዛል።

ኤምአርአይ የተሠራው ለእነዚህ ሰዎች ነው። የማያስፈልገው ሰው ወረፋውን ሲይዝ የሚዘገየው የሚያስፈልገው ነው።

■ «ሐኪሙ ምን ያድርግ?»

ለዚህ ሁሉ የሚሰጡ መልሶች አሉ፤ አንዳንዶቹ እውነት አላቸው። በመንግሥት ሆስፒታል በአንድ ጠዋት ብዙ አሥር ታካሚ የሚያይ ሐኪም ለአንዱ ወገብ ግማሽ ሰዓት ከየት ያመጣል? ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን በእጅ የሚደረገው መሠረታዊ ምርመራ ግማሽ ሰዓት አይፈልግም፤ በተረከዝና በጣት ማስኬድ፣ ተኝቶ እግር ማንሳት፣ ስለ ሽንትና ስለ ትኩሳት መጠየቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፊልም አንብቦ ማስረዳትም ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይወስድም።

«ታካሚው ራሱ ነው ፊልም ካልተነሳሁ ብሎ የሚሟገተው» ይባላል። ይህም እውነት ነው። ያልታዘዘለት ሰው የተናቀ ይመስለዋል። ግን ይህን እምነት ማን አስተማረው? በሽተኛው ይህን ይዞ አልተወለደም። ወገቡን ከነካው ይልቅ ወረቀቱን ያነበበውን ሐኪም እንዲያከብር ያደረገው ራሱ ሥርዓቱ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው አባባል ለማሽንም ይሠራል፤ መመርመር ሳይቀድም የሚነሳ ፊልም ጥምጥም ብቻ ነው።

«ሕመሙ በጭንቅላቱ ነው ልትሉት ነው?» የሚለው ቅሬታ ደግሞ ከልብ መመለስ አለበት። አይደለም። ፊልም ላይ የማይታይ ሕመም የውሸት ሕመም አይደለም፤ የራስ ምታትም ፊልም ላይ አይታይም። የታካሚው ሕመም እውነት መሆኑን ለማመን ወረቀት የሚጠይቅ አሠሪ፣ ቤተሰብና ሐኪም እስካለ ድረስ ሰው ወረቀት ፍለጋ መሄዱን አይተውም።

■ ሸክሙ የማነው?

እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን ያመው እንደነበርና በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ሰውን ከሥራና ከእንቅስቃሴ በማስቀረት ወገብን የሚቀድም ሕመም የለም። ይህ የግለሰብ ዕድል ብቻ ሳይሆን የፖሊሲ ጉዳይ ነው።

መርካቶ የ100 ኪሎ ጆንያ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይጫናል። ከእንጦጦ እናቶች ከራሳቸው የሚበልጥ የሚመስል የማገዶ ሸክም ተሸክመው ይወርዳሉ። በገጠር ልጃገረዶች 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ዕቃ ማንሳት ወገብ አይሰብርም፤ ወገብ የተፈጠረው ለማንሳት ነው፣ የሚጠነክረውም በማንሳት ነው። በሰው ልክ ያልሆነ ሸክም በየቀኑ ለዓመታት ሲጫን ግን ሌላ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ብሏል። መርካቶ ላይ ሕጉ ጆንያው ነው።

ስለዚህ ሊደረጉ የሚችሉ፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ጤና ሚኒስቴር ለወገብ ኤምአርአይ የሚያዝ ሐኪም የእጅ ምርመራ ውጤቱንና የጠረጠረውን ነገር በማዘዣው ላይ እንዲጽፍ ያስገድድ። በሚያዘው ሐኪምና በማሽኑ ባለቤት መካከል የገንዘብ ግንኙነት ካለ ታካሚው ይወቀው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የሚያሠለጥኗቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በትልልቅ ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በጤና ጣቢያ ይመደቡ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድንም አገልግሎቱን ይሸፍን። እስከ ቀበሌ የወረደው የጤና ኤክስቴንሽን መዋቅር ከላይ የተዘረዘሩትን አደገኛ ምልክቶች ለየቤቱ ያድርስ። ያለ ማዘዣ የሚወጋ መርፌ ይቁም። እህል በ100 ኪሎ መታሸጉ ቀርቶ በ50 ይሁን።

ይህ እስኪሆን ታካሚው ባዶ እጁን አይደለም። ወደ ሐኪም ሲገባ ሦስት ጥያቄ ይዞ መግባት ይችላል፦ «ዶክተር፣ የሚያሰጋ ምልክት አይተውብኛል?» «ፊልሙ ቢነሳ ሕክምናዬን ይቀይረዋል?» «ስድስት ሳምንት እየተንቀሳቀስኩ ብጠብቅ ምን ይሆናል?» ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል። የሚቆጣ ካለ ሌላ ሐኪም መፈለግ ነው።

ለቀረው ብዙኃን ምክሩ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው። ትኩስ ውሃ ያስታግሳል፤ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክና የጣይቱ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃው ዙሪያ ነው። ከታጠቡ በኋላ ግን ተነስቶ መሄድ ያስፈልጋል። ዛሬ እስከ በር፣ ነገ እስከ ሱቅ፣ ከሳምንት በኋላ እስከ ታክሲ መያዣ። ትንሽ ማመሙ መሰበር አይደለም።

ወገቡን የያዘው ዘመድ ያለው ሰው ይህን ከመርፌው በፊት ያድርስለት።